ያልተመለሰው ውሃ

ያረጋል ውሃ በሌለው የማጣሪያ ገንዳ ወለል ላይ በጀርባው ተዘርሮ ተገኘ። ገንዳው ከሁለት ሰው ቁመት በላይ ይጠልቃል፤ ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ኢንስፔክተር አቻምየለሽ ከፍኖተ ሰላም ተጠርታ፣ ከቡሬ ወጣ ብላ ካለችው ቀበሌ ስትደርስ ፀሐይ አናት ላይ ወጥታ ነበር። በገንዳው ዙሪያ የሚያለቅስ ሰው አልነበረም። ሴቶቹ ባዶ ጀሪካናቸውን ይዘው የሚመለከቱት አስከሬኑን ሳይሆን አጠገቡ ያለውን የጥልቅ ጉድጓድ ክዳን ነበር።

ዕለቱ ሲጠበቅ የኖረ ዕለት ነው። ባለፈው ክረምት የወንዝ ውሃ በዚህ ገንዳ እየተጣራ በጉድጓዱ ወደ ምድር ሆድ እንዲወርድ ተደርጎ ነበር፤ ዓለቱ ውሃውን ይዞ ከቆየ በበጋ መልሶ ለመሳብ። ከተሳካ ለቡሬም ለዙሪያው ገጠርም ይተርፋል ተብሎ ነበር። መስከረም ላይ ጉድጓዱ ታሸገ። መጋቢት አሥራ ሁለት፣ የሚካኤል ዕለት፣ ተከፍቶ ሊለካ ነው። ለኪው ሟቹ ያረጋል ነበር።

«አዳልጦት ነው» አለ የሙከራው ኃላፊ ኢንጂነር እንድሪያስ። አስከሬኑን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ያገኘው እሱ ነው። የለበሰው ጃኬት ላስቲክ ነበር።

አቻምየለሽ በመሰላሉ ወረደች። የሟቹ መዳፎች በሰማያዊ ጠመኔ ተለውሰዋል። የቀኙ መዳፍ ላይ ግን ጠመኔው ተፍቆ የጨርቅ ድርና ማግ ታትሞበታል። ቀና ብላ የገንዳውን ጠርዝ ዙሪያውን አየች። አንድም ሰማያዊ ነጥብ የለበትም። የሚወድቅ ሰው ያገኘውን ይይዛል፤ ይህ ሰው የያዘው ልብስ ነው።

ከደረት ኪሱ የመለኪያውን ደብተር አወጣች። የመጨረሻው መስመር «መጋቢት 12፤ 38.4 ሜትር፤ በኤሌክትሪክ መለኪያ» ይላል። ከጉድጓዱ አፍ እስከ ውሃው ያለው ርቀት ነው፤ ከበላዩ ያለው የመስከረሙ መስመርም ቁጥሩ ያው ነው።

ደብተሩን ስታሳየው እንድሪያስ ቁጥሩን ብቻ አይቶ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ውሃው አለ ማለት ነው! ንቅንቅ አላለም!»

«ትናንት ከያረጋል ጋር ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«አዎ። ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን ዛሬውኑ ለክልሉ ይላክ አለኝ። ሦስት ጊዜ ሳንለካ አይሆንም አልኩት።»

«ምን ፈርተው ነው?»

«አምስት ዓመት ለፍቼበታለሁ፤ እንዴት አልፈራ?»

«ጠዋት የት ነበሩ?»

«ቤት ውስጥ፣ ብቻዬን» አለ፤ እንደማይበቃ ራሱም ያወቀው ይመስላል።

የውሃ መርማሪዋ ፈሂማ ከቡሬ በባጃጅ የደረሰችው ዘግይታ ነበር። ደብተሩን ስታይ ግራ ተጋባች።

«ይሄ ሊሆን አይችልም። የመለኪያው ባትሪ ስላለቀ ትናንት አውጥቼ ወሰድኩት። ሌላ ከአባቴ ሱቅ ላመጣ ነበር። ይኸው፣ አሮጌውም አዲሱም እኔ ጋ ናቸው።»

«ይህን ማን ያውቃል?»

«ያረጋልና ኢንጂነሩ። ራሴ ነግሬያቸዋለሁ።»

«ታዲያ ያረጋል በምን ለካ?»

«በገመድ ይሆናል። ጠመኔ ቀብቶ ያወርደዋል፤ ውሃ የነካው ላይ ጠመኔው ይለቃል። የድሮ ዘዴ ነው፤ እሱ ይወደው ነበር።»

ገመዱ ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ በየሜትሩ ቋጠሮ አለው። አቻምየለሽ ከላይ ጀምራ ቆጠረች። ሰማያዊው የለቀቀው ከስልሳ አንደኛው ቋጠሮ በታች ነበር።

ፈሂማ ቁጭ አለች። «ስልሳ አንድ ሜትር ማለት አንዲት ጠብታ እንኳ ሳንጨምርበት በፊት ውሃው የነበረበት ጥልቀት ነው። ያወረድነው ሁሉ በዓለቱ ስንጥቅ ሄዷል።»

የውሃ ኮሚቴው ሊቀመንበር አቶ ገብረሰንበት ከሰው ራቅ ብለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። የግጦሽ መሬታቸውን ለገንዳው የሰጡ፣ ስልሳ አባወራም መሬቱን እንዲለቅ ያግባቡ ሽማግሌ ናቸው። አቻምየለሽ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳቻቸው።

«አባባ፣ ያረጋልን ዛሬ አይተውታል?»

«አላየሁትም፣ ልጄ። ከሚካኤል ስመለስ ነው የሰማሁት።»

ጋቢያቸው እንዶድ እንዶድ ይላል። ዘርፉ ገና እርጥብ ነበር።

ከሴቶቹ መሀል ወለተ ሥላሴ የተባሉትን ጠየቀቻቸው። «እማማ፣ ውሃ እንዴት ነው እዚህ?»

«በሦስት ቀን አንድ ጀሪካን። ፊታችንን እንኳ በእፍኝ ነው የምንታጠብ።»

አቻምየለሽ ሁሉንም ከጉድጓዱ ዘንድ ሰበሰበች።

«ያረጋል አላዳለጠውም» አለች ድምጿን ሳታነሣ። «ሲወድቅ በጠመኔያም እጁ የአንድ ሰው ልብስ ጨምድዷል። ገመዱ ስልሳ አንድ ይላል፤ ደብተሩ ሠላሳ ስምንት። ስለዚህ ደብተሩ ላይ የጻፈ ሌላ ሰው ነው። በኤሌክትሪክ መለኪያ ብሎ ከላይ ያለውን መስመር ገልብጧል። ኢንጂነሩና ፈሂማ መለኪያው ባትሪ እንደሌለው ያውቃሉ፤ ቢዋሹም እንዲህ ብለው አይዋሹም። ጻፊው ፊደል የቆጠረ፣ ሥራውን በቅርብ ሲከታተል የኖረ፣ የባትሪውን ነገር ግን ያልሰማ ሰው ነው።»

ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«አባባ፣ የሚጠጣ ውሃ በጠፋበት ቀበሌ፣ ያውም በሚካኤል ዕለት፣ ጋቢዎን ለምን አጠቡት?»

አቶ ገብረሰንበት ጋቢያቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አጠፉት። ሰማያዊው ደብዝዞ ነበር እንጂ አልጠፋም።

«እሱም አልቅሷል» አሉ። «ውሃው የለም አባባ አለኝ። እስከ ክረምት ዝም በል፣ ምናልባት መልሰው ያወርዱታል፣ እኔ ለዚህ ሁሉ ሰው ምን ብየ ልንገር ብየ ለመንሁት። አልዋሽም አለ። ደብተሩን ልነጥቀው ስል ጋቢየን ያዘኝ፤ ገፋሁት።»

«ያኔውኑ ሞተ?»

«በመሰላሉ ወረድሁ። ትንፋሹ ነበረ። ስልሳ አንድ ያለበትን ቅጠል ቀደድሁና ሌላውን ጻፍሁ። ጽፌ ስጨርስ አልነበረም።»

እንድሪያስ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ወለተ ሥላሴ ግን ከሽማግሌውም ከአስከሬኑም ዓይናቸውን አንሥተው ፈሂማን ተመለከቱ።

«እና ውሃው?»

«የለም፣ እማማ።»

ሴቶቹ ጀሪካናቸውን አንሥተው አንድ በአንድ ሄዱ። ቃሬዛውን የሚይዝ አራት ሰው በመከራ ተገኘ። እንድሪያስ ክዳኑን ሲያሽግ፣ ቦታው ሁሉ ስንጥቅ ስለሆነ ዳግም የሚሞክር እንደሌለ ለአቻምየለሽ ነገራት።

መኪናው የፍኖተ ሰላምን አስፋልት ሲይዝ ሽማግሌው ከኋላ ተናገሩ።

«ልጄ፣ ለክረምት መልሰው ይሞክሩት ይሆን?»

አቻምየለሽ የደረቀውን ማሳ በመስኮት አየች። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰውን እውነቱን ተናገር ስትል ኖራለች፤ እንደዚያ ቀን ግን እውነት አፏ ላይ ከብዷት አያውቅም።

«አይሞክሩትም፣ አባባ።»

እሳቸውም «እሽ» አሉ።