የእማማ ሐዋ ካሴት

መንፈስ፣ ሟርት፣ ምናምን ሲባል ስቄ የምነሳ ሰው ነኝ፣ ይቺን አስቀድመህ ያዝልኝ ወዳጄ፣ የምነግርህ ግን እዚሁ አሶሳ፣ ቢሯችን ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ የሆነ ነው።

የጋዜጣችን ዋና አዘጋጅ የነበሩት ጋሽ ኢድሪስ፣ አላህ ይርሐማቸውና፣ በየመንደሩ እየዞሩ የአዛውንቱን ተረትና ታሪክ በካሴት ይቀዱ ነበር። አንድ ሕግ ነበራቸው፣ መጀመሪያ ተራኪውን ስሙንና መንደሩን ይጠይቁታል፣ ያ ስም ሳይወጣ ተረቱ አይታተምም። «ስሙን ከበላህ ሰውየውን በላኸው» ይሉኝ ነበር።

እሳቸው ሲያርፉ የተረቱ ዓምድ ለእኔ ተሰጠ። አንድ ሳምንት ገጹ ባዶ ሆነብኝና፣ ምን ልበልህ፣ እሳቸው ወደ አማርኛ መልሰው ያስቀመጡትን የሆሞሻዋን የእማማ ሐዋን ተረት በራሴ ስም አወጣሁት። ሴትዮዋ ሞተዋል፣ ማን ይጠይቀኛል ብዬ! አፈር ልብላ።

ከወር በኋላ ልጃቸው ዘሃራ ቢሮ መጣች፣ ሱዳን ኖራ ስትመለስ እናቷን በሕይወት አላገኘቻቸውም። «ወላሂ፣ የእናቴ ድምፅ ብቻ አሰማኝ፣ ረሳሁት» አለችኝ። ካሴቱን ፈልጌ ቴፑ ውስጥ ከተትኩት።

መጀመሪያ ሽሽሽ አለ፣ ከዚያ ዶሮ ጮኸ፣ ጋሽ ኢድሪስ ሳል አሉና በበርታኛ ስም ጠየቁ፣ ይቺን እንኳን እሰማለሁ።

«ደምሴ» አለ መላሹ።

ደምሴ እኔ ነኝ። ድምፁም የእኔ ነው፣ እመነኝ! ካሴቱ ሲቀዳ እኔ አሶሳን በካርታም አላውቃትም ነበር። ጋሽ ኢድሪስ ምንም እንዳልተፈጠረ «ሹክረን» ብለው አመሰገኑ፣ ድምፄም ተረቱን ቀጠለ፣ ከሰላምታ አልፌ በማላውቀው በርታኛ፣ እንደ አሮጊት ቁና ቁና እየተነፈሰ።

ዘሃራ እስኪያልቅ ሰማችው። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ቃሉ የእናቴ ነው» አለች፤ «እናቴ ግን የት ሄደች?»

«ካሴቱ ተበላሽቷል» አልኳት። ያንን ሁሉ በጆሮዬ ሰምቼም ዋሸኋት! እስከ ዛሬ ይህቺን ሳስብ ፊቴ ይነዳል።

በሚቀጥለው እትም ማረሚያ አወጣሁ፣ የእማማ ሐዋን ስምም መንደርም በትልቁ ጻፍኩ፣ ሮጬ ካሴቱን ብከፍተው አሁንም እኔው ነኝ። ዘሃራ ተመልሳ መጥታ «ይሁን፣ ሌላ የለኝም» ብላ ሆሞሻ ወሰደችው። ለልጆቿ ትከፍትላቸዋለች አሉ፣ ልጆቹም «የአያታችን ድምፅ ነው» እያሉ ተሰብስበው ይሰሙታል አሉ።

ለሥራ በሆሞሻ ሳልፍ ከመኪና አልወርድም፣ ሰው ሰላም ቢለኝም በእጄ ነው የምመልሰው፣ አፌን አልከፍትም።