የጉቴ ምልልስ

ነመራ በርከክ ብሎ በመጋዘኑ ወለል ላይ በጠመኔ መስመር እየሳበ ነበር። መስመሩ ከበሩ ተነሥቶ ቡናው የሚራገፍበት ጥግ ይደርሳል፤ ከዚያ የተበላሸ ፍሬ ለቃሚዎቹ ሴቶች ወደተቀመጡበት ይሄዳል፤ ከእነሱ ተነሥቶ በሩ ላይ ወዳለው ሚዛን ይመለሳል፤ ከሚዛኑ ደግሞ በመጣበት አልፎ የጆንያ አፍ ወደሚሰፋበት መስኮት ይዘልቃል። ቡና በዚያ ቤት ውስጥ የሚሄደውን መንገድ ሁሉ፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ፣ መሬት ላይ ማየት ፈልጎ ነው።

መስኮቱ ዘንድ ሲደርስ ጠመኔው ከሴት እግር ፊት ቆመ።

ቀና አለ። ሎሚ የጆንያ መርፌዋን እንደያዘች ቁልቁል ታየዋለች። ከኋላዋ የነቀምቴ የጠዋት ጉም በመስኮቱ ቀስ እያለ ይገባል።

«እግሬን ላንሣልህ?» አለችው።

«አይ... መስመሩ ይዞራል።»

እውነትም እግሯን ዞሮ አለፈ። ከለቃሚዎቹ ሁሉ አንጋፋዋና ምላሰኛዋ ድርቤ ይህን አይታ ዝም አትልም።

«አባ ጠመኔ፣ መስመርህ ሌላው ቦታ ቀጥ ብሎ ነበር። ሎሚ ዘንድ ሲደርስ ምነው እንደ ሰካራም ተወላገደ?»

ሴቶቹ ሳቁ። ነመራ ጆሮው ድረስ ቀላ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ነመራ አዲስ አበባ የንግድ ሥራ ተምሮ ወደ ትውልድ ከተማው ገና መመለሱ ነበር። የመጋዘኑ ባለቤት አቶ ሀብተጊዮርጊስ፣ ከሸዋ መጥተው ወለጋን አገራቸው ያደረጉ ነጋዴ፣ የቀጠሩት ሥራው ስለተጓተተባቸው ነው። የጭነት መኪናው ደጅ ላይ ተገትሮ ይውላል፤ ሴቶቹ እስኪመሽ ይቆያሉ፤ ምክንያቱን ግን የሚነግራቸው አልተገኘም። ነመራ የሣለውን ሲያይ ገባው። ሁሉም ጆንያ በአንድ በር ሲሄድና ሲመለስ ገቢው ወጪውን ይጠብቃል። ሚዛኑን ከበሩ አንሥቶ በለቃሚዎቹና በሎሚ መስኮት መካከል አስቀመጠው። ተሸካሚዎቹ መጀመሪያ አጉረመረሙ፤ ወገባቸው ሲያርፍ ግን መረቁት። መኪናው ፀሐይ ሳትበረታ መነሣት፣ ሴቶቹም በብርሃን ቤታቸው መግባት ጀመሩ።

እሱ ግን ሚዛኑን ልይ እያለ መስኮቱ ዘንድ መመላለሱን አልተወም። ሎሚ አባቷ ኦቦ ጉሉማ ጉቴ አጠገብ እንደሚያርሱ፣ እሷ ለሥራው ስትል ነቀምቴ አክስቷ ቤት እንደምታድር ነገረችው። አዲስ አበባ ሌሊት ምን ትመስላለች ብላ ጠየቀችው። መብራቱ ብዙ ነው፣ ሰው ግን ሲተላለፍ ደኅና አደርክ አይባባልም አላት። እሷም ለዚያች ከተማ አዘነችላት።

አንዳንድ ሌሊት በሕልሙ ያ የጠመኔ መስመር ከመጋዘኑ ይወጣል። ደጅ ባለው ዋርካ ሥር አልፎ ጉም ውስጥ ይገባና ነጭ ክር ይሆናል። የክሩን ጫፍ ሎሚ ይዛዋለች። ሊደርስባት ሲል ይነጋል።

አንድ ቀን ከሥራ ሲወጡ አብሯት ጥቂት ሄደ።

«ሽማግሌ ብልክ አባትሽ ይቀበሉኛል?»

ፊቷን ወደ መንገዱ ዳር ዛፎች አዞረች። ፈገግታዋን ግን አልሸሸገችም።

«ላክና እይ» አለችው።

ያን ዕለት እግሩ መሬት አልነካም። በማግስቱ ወደ አጎቱ ወደ ኦቦ ባይሳ ሄደ። አባቱ ከሞተ ወዲህ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። እንደ ደንቡ ሽማግሌ ሄዶ ይጠይቃል፤ የልጅቱ ቤት «እንመካከር» ብሎ ይመልሳል፤ ሽማግሌ እንደገና ይሄዳል፣ እንደገና ይመለሳል። ነመራ ይህን ሲያስበው ጆንያዎቹ ትዝ አሉት። ክረምት ነው፣ የጉቴ መንገድ ጭቃ ነው፣ የአጎቱ ጉልበት ደግሞ ታሟል። ታዲያ ምን ያመላልሳል? ጥያቄውን፣ ጥሎሹን፣ የሠርጉን ቀን ሁሉ በአንድ ጉዞ ጨርሱልኝ ብሎ ለመናቸው። ኦቦ ባይሳ ጥቂት አንገራገሩ። ግን ይወዱታል፤ ደግሞም የተማረ ነው። እሺ አሉ።

ሽማግሌዎቹ ከጉቴ የተመለሱት አንገታቸውን ደፍተው ነበር። ኦቦ ጉሉማ የመጀመሪያውን ቃል በጸጥታ ሰምተዋል። ሽማግሌዎቹ እዚያው እንደተቀመጡ ወደ ጥሎሹና ወደ ቀኑ ሲያልፉ ግን ብድግ ብለው፣ ዝናብ ሳይመጣ ብትሄዱ ይሻላል አሏቸው። እደጁ ሲደርሱ ኦቦ ጉሉማ አንድ ነገር ጨመሩ፦ «በአንድ መቀመጫ ተጠይቃ በአንድ መቀመጫ የምትሰጥ ልጅ፣ ጉድለቷ የሚደበቅላት ናት። የእኔ ልጅ ምን ጎደላት?»

ሎሚን ወደ ቤት መልሱልኝ ብለው ወደ እህታቸው ላኩ። ነጠላዋን ልትወስድ መጋዘኑ ስትመጣ ነመራ መስኮቱ ሥር ቆሞ ጠበቃት። ዓይኗ አብጧል።

«ሽማግሌዎቹ እንዳይንገላቱ ብዬ ነው» አላት። «እወድሻለሁ፤ የቸኮልኩት ለዚያ ነው።»

«አውቃለሁ። ባላውቅ ኖሮ አላለቅስም ነበር።»

«ታዲያ...»

«ሽማግሌ መጀመሪያ ሲመጣ እናቴ ታለቅሳለች። ሲመለስ ወንድሞቿን ታማክራለች። አባቴም እምቢ እያለ እኔን ማጣት ይለምዳል። እኔም...»

ነጠላዋን አጣጠፈች፣ እንደገና ዘረጋችው።

«አንቺስ?»

«እኔም ቀስ እያልኩ ከቤታችን እወጣለሁ። አንተ ያን ሁሉ ትርፍ ነው ብለህ ጣልከው። ነመራ፣ ጆንያ ቤቱን አይናፍቅም። እኔ ግን እናፍቃለሁ።»

ነመራ መንገዱን ለቀቀላት። እሷም ሄደች።

ድርቤ ያን ቀን አልሳቀችም። ቡናዋን እየለቀመች፣ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል» አለችው። «መልቀም ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። እኛን ጠይቀን።»

ነመራ አጎቱ እግር ላይ ወደቀ። መጀመሪያ ይቅርታ ብቻ ጠይቁልኝ፣ ከዚያ እንደ አባቶቻችን ይሁን አለ። ኦቦ ባይሳ ያን ጭቃ አቋርጠው ሄዱ። ይቅርታው ተሰማ፣ ጥያቄው ግን ለሌላ ቀን ሆነ። በሌላ ቀን ሲሄዱ «እንመካከር» ተባሉ። እንደገና ሲሄዱ የእናቷ ወንድም ከኑኑ ቁምባ አልመጣም ተባለ።

ነመራም ጠበቀ። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከጉቴ በኩል ሲመጣ ያየዋል፤ በሎሚ ደጅ አልፎ የመጣ ይመስለዋል። መስኮቱ ሥር ሌላ ሴት ጆንያ ትሰፋለች። እሱ ግን ሎሚን ያያታል፤ ከእናቷ ቤት ቀስ እያለች፣ አንድ አንድ እርምጃ ስትወጣ። ወይም ጨርሶ ስትመለስ። የትኛው እንደሆነ ማወቅ አይችልም። አንዳንዴ ይህ አለማወቅ እንቅልፍ ይነሣዋል፤ አንዳንዴ ደግሞ ከዚያ በፊት እንዲህ አድርጎ አፍቅሯት እንደማያውቅ ይሰማዋል።

ዝናቡ በሚያባራበት ሰሞን፣ አንድ አመሻሽ፣ ኦቦ ባይሳ ከጉቴ ተመለሱ። ጭቃው ቁርጭምጭሚታቸውን አልፏል። ፊታቸው ምንም አይናገርም። ነመራ ከምድጃው አጠገብ አስቀመጣቸው፣ ጫማቸውን አወለቀላቸው፣ ውኃና የጆንያ ቁራጭ ይዞ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ጫማውን ማጠብ ጀመረ።

ሽማግሌው እግራቸውን ወደ እሳቱ ዘረጉ።

«አትጠይቀኝም?»

«መጀመሪያ ይረፉ፣ ኦቦ።»

ሳቁ። «ኢልማ ኮ» አሉት፤ ልጄ ማለታቸው ነው፣ ሆዳቸው ሲባባ በኦሮምኛ ነው የሚጠሩት። «ሰጡን። ከመስቀል በኋላ ትወስዳታለህ።»

የነመራ እጅ ውኃው ውስጥ ቆመ።

«አባቷ ሲመርቁን እናቷ አለቀሰች። እንደ ፊተኛው አይደለም፣ ደኅና ልቅሶ ነው። ልጅቱ እስከ አጥሩ ሸኘችን። መልእክት አለሽ ወይ ብላት አፈረች። ኋላ ግን፣ "እናንተ ስትመላለሱ እኔም እየመጣሁ ነበር በሉልኝ" አለች።»

ነመራ እንባው እንዳይታይበት በሁለተኛው ጫማ ላይ አጎነበሰ። በስፌቱ መሐል የገባውን ጭቃ በስንጥር አወጣ፣ ንጹሕ ውኃ አፈሰሰበት፣ በጆንያው ቁራጭ ቀስ አድርጎ አበሰው። ከዚያ ሁለቱን ጫማዎች ጎን ለጎን ምድጃው አጠገብ አስቀመጣቸው፤ እሳቱ እንዳይነካቸው፣ ሙቀቱ ግን እንዲደርሳቸው አድርጎ።