የአባባ ኮምፒውተር ሦስት ጊዜ ሲጮህ

«አሜን!» አለ ኦሉም፣ ከሁሉም ሰው ድምፅ በላይ።

ወንጌላዊ ጋይ ሁለት እጃቸውን ሲፒዩው ላይ ጭነው፣ ላባቸው በአገጫቸው እየተንጠባጠበ ይጸልያሉ። ኮምፒውተሩም እንደ ታማኝ ምእመን አልፎ አልፎ ይመልስላቸዋል። ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ። ሦስት ጊዜ ይጮህና ዝም ይላል። ስክሪኑ ግን እንደ ከሰል ጠቁሯል።

«ጌታ ሆይ፣ ቫይረስ ያሰረውን ይህን ዕቃ ፍታው!»

«አሜን!» አለ ኦሉም እንደገና።

አጅዋንግ ግድግዳውን ተደግፋ ጥርሷን ነክሳለች። ዓይኗን አልጨፈነችም። የአክስቷ ልጅ ኦሉም አንድ ዓይኑን ገለጥ አድርጎ ሰርቆ ሲያያት ስለደረሰችበት፣ ንዴቷ ጆሮዋ ድረስ ወጣ። የጋምቤላን የመጋቢት ሙቀት የማያውቅ የለም፤ ዶሮዎቹ ቅቅል እንቁላል ይጥላሉ ይባላል። በዚያ ቅዳሜ ግን ከቤቱም፣ ከደጁም፣ ከዶሮዎቹም ይበልጥ የሚግለው የአጅዋንግ ጆሮ ነበር።

ወንጌላዊ ጋይ ጨርሰው ፊታቸውን በመሐረብ ጠረጉ። «ልጄ፣ በልብሽ የያዝሽው ነገር ካለ ተናገሪው። ሰው ሲናዘዝ ይቀለዋል።»

«ምንም የያዝኩት የለም፣ ወንጌላዊ።»

«ፍላሽ ሰክተሻል አይደል እንዴ?» አሉ አባቷ አቶ ኦቹዶ።

«የሰካሁት ረቡዕ ነው። የኳየር መዝሙር ነው ያለበት። ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ስትጽፍበት አልዋልክም አባባ? እምቢ ያለው ዓርብ ነው!»

«ቫይረስ እኮ እንደ ወባ ነው» አለ ኦሉም፣ እንደ ትልቅ ሰው ጉሮሮውን ጠርጎ። «ትንኟ ዛሬ ትነድፋለች፤ የሚያንቀጠቅጥህ ግን ከቀናት በኋላ ነው። አጎቴ ይህን ያውቃል።»

በጋምቤላ በወባ ነገር የሚከራከር ሰው የለም። አቶ ኦቹዶ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ወንጌላዊ ጋይም ራሳቸውን ነቀነቁ። የአጅዋንግ ፍርድ በዚያው ተበየነ።

ነገሩ ቀላል ቢሆን ኖሮ ማንም ለኮምፒውተር አይጸልይም ነበር። አቶ ኦቹዶ የዓሣ ሀብት ባለሙያ ናቸው። በርቀት ትምህርት ዲግሪያቸውን ለመያዝ የቀራቸው አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ነው፤ በአልዌሮ ግድብ ዙሪያ ስለሚደርቅ ዓሣ። የሚጽፉት በአንዲት ጣት ነው። ያቺ ጣት ከአንዱ ፊደል ወደ ሌላው እስክትደርስ ዓሣው ተጠምዶ፣ ደርቆ፣ ተበልቶ፣ አጥንቱ ይጣላል። ቢሆንም በዐሥራ አንድ ወር ውስጥ ስድሳ ስምንት ገጽ ሞልተዋል። የማስረከቢያው ቀን ሰኞ ነው። «ፍላሽ ቫይረስ ያመጣል» ብለው ስለሚፈሩ ሌላ ቦታ አላስቀመጡትም። ስድሳ ስምንቱም ገጽ ያለው እዚያ፣ በሚጮኸው ሣጥን ውስጥ ብቻ ነው።

«መፍትሔው ፎርማት ነው» አለ ኦሉም። «በዐሥር ሰዓት ባጃጅ ይዤ መጥቼ ወደ ቤት እወስደዋለሁ። ማታ አዲስ ሆኖ ይመለሳል።»

«ጽሑፌስ?» አሉ አቶ ኦቹዶ።

«አጎቴ፣ ፎርማት ማለት እኮ ሸሚዝ ማጠብ ነው። እድፉ ይሄዳል፣ ሸሚዙ ይቀራል።»

«ውሸት!» አለች አጅዋንግ። «ፎርማት ያለውን ሁሉ ነው የሚያጠፋው! አባባ፣ እንዳትሰጠው!»

አቶ ኦቹዶ በአማርኛ ይቀልዳሉ፣ በአኝዋክኛ ይቆጣሉ። አሁን የተናገሩት በአኝዋክኛ ነው፤ አምስት ቃል ብቻ። ወንጌላዊ ጋይ ኑዌር ስለሆኑ ቃሉን ባይሰሙትም ትርጉሙን ከአቶ ኦቹዶ ፊት አንብበው መሬት መሬት አዩ። አጅዋንግ ያንን ዕቃ ዳግም እንዳትነካ ተነግሯታል፤ ያውም በእንግዳ ፊት።

ኦሉም ሲወጣ በአጠገቧ አለፈ። «አይዞሽ» አላት በሹክሹክታ። «ዶክተሩ እያለ ምን ያስፈራሻል?»

ሰፈሩ ኦሉምን «ዶክተር» ይለዋል። ስሙን ያወጣው ራሱ ነው። አንድ ጊዜ ከባሮ አዞ ሆድ የወጣ ስልክ ጠግኛለሁ፣ ባትሪው አርባ ፐርሰንት ነበረው፣ እንዲያውም አዞው ሁለት ሚስድ ኮል ነበረው ብሎ ሲምል፣ ግማሹ ሰፈር ስቆ ግማሹ አምኖታል። ያመነው ግማሽ እስከ ዛሬ ስልኩን ያመጣለታል። በቤታቸው ሰባት ወንድማማቾች ናቸው። ማንም ዕቃውን እንዳይወስድበት ኦሉም የራሱ በሆነ ነገር ሁሉ ላይ በእህቱ የጥፍር ቀለም ሁለት ቀይ ነጥብ ያደርጋል። ነጠላ ጫማው ላይ፣ ቻርጀሩ ላይ፣ የጥርስ ብሩሹ ላይ ሳይቀር። አሁንም በሩን ሲሻገር ተረከዙ ሥር ሁለቱ ነጥቦች ብልጭ ብለው ጠፉ።

አቶ ኦቹዶ ወንጌላዊውን ሊሸኙ ወጡ። እናቷ ተረኛ ስለሆነች ጤና ጣቢያ ናት። አጅዋንግና የሞተው ኮምፒውተር ብቻቸውን ተፋጠጡ።

«ምን ታያለህ?» አለችው። እሱ እንኳ ጥፋተኛ ያደረጋት መሰላት።

ትምህርት ቤታቸው ውስጥ ዐሥራ ሁለት ኮምፒውተሮች አሉ፤ ዐሥራ አንዱ ሞተዋል። የኮምፒውተር መምህሯ መምህርት ዘሃራ በአንዱ ሃምሳ ልጅ ማስተማር ቢያቅታቸው በሞቱት ማስተማር ጀመሩ። ስለዚህ የአጅዋንግ ክፍል ልጆች ኮምፒውተር እንዴት እንደሚሠራ ብዙም አያውቁም፤ እንዴት እንደሚሞት ግን አንድ በአንድ ያውቃሉ። «ቫይረስ የያዘው ኮምፒውተር ስክሪኑን አብርቶ ነው የሚያስቸግራችሁ» ይሉ ነበር መምህርት ዘሃራ። «ገና ስትነኩት ሦስት ጊዜ እየጮኸ ስክሪኑ ከጨለመ ግን ሕመሙ ብዙውን ጊዜ ሲሠራ የሚያስታውስበት ዕቃ፣ ራሙ ጋ ነው። ክፈቱትና እዩት።»

ክፈቱትና እዩት። አባቷ ደግሞ እንዳትነኪው ብለዋል። አጅዋንግ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው። ኦሉም በዐሥር ሰዓት ይመጣል። ማታ ላይ ስድሳ ስምንቱ ገጽ አየር ሆኖ ይቀራል፤ እሷም ዕድሜ ልኳን «የአባቷን ዲግሪ በፍላሽ የገደለች ልጅ» ተብላ ትኖራለች።

ገመዱን ከሶኬቱ ነቀለችው። ካቻቢቴ ከመሳቢያ አውጥታ ብሎኖቹን ፈታች። አንዱ ብሎን ሲያስቸግራት የኦሉምን ስም እየጠራች አዞረችው፤ ወዲያው ተፈታ።

ክዳኑ ሲነሳ በአቧራው ሦስት ጊዜ አስነጠሳት። የስንት ዓመት የመንገድ አቧራ ሁሉ እዚያ ገብቶ ተኝቷል። ገመዱ ቀይ፣ ማራገቢያው ቀይ፤ ጥግ ላይ አንዲት የደረቀች በረሮ እንኳ ቀይ ለብሳለች። መምህርት ዘሃራ እንዳስተማሯቸው መጀመሪያ በገላዋ ያለ ኤሌክትሪክ እንዲወጣ የሣጥኑን ብረት ነካች። ከዚያ ሁለቱን ራሞች ፈለገቻቸው። ጎን ለጎን የቆሙ፣ እንደ ማስቲካ ጥቅል ቀጠን ያሉ ሁለት ዕቃዎች ናቸው።

አንደኛው በአቧራ ተሸፍኗል። ሁለተኛው ግን ንጹሕ ነው። የሣጥኑ ውስጥ በሙሉ አቧራ ሲጠጣ እሱ ብቻ ትናንት ከገበያ የመጣ ይመስላል።

ክሊፖቹን ተጭና ንጹሑን ነቀለችው። ገልብጣ አየችው።

ሁለት ቀይ ነጥብ።

ሐሙስ ማታ ትዝ አላት። ሁሉም ለጸሎት ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ኦሉም «እኛ ቤት መብራት የለም፣ ስልኬን ቻርጅ ላድርግ» ብሎ እዚህ ብቻውን ቀርቶ ነበር። ዛሬ ከሁሉም በላይ «አሜን» ሲል የነበረውም እሱ ነው። አጅዋንግ ካቻቢቴውን በጣም ስለጨበጠችው መዳፏ ላይ መስመር አወጣባት። መጮህ አማራት። ግን የሚሰማት በረሮዋ ብቻ ነበረች።

አቧራ የለበሰውን ራም አወጣችው። የወርቅ ቀለም ያላቸውን ጥርሶቹን በላጲስ ቀስ ብላ ፈተገች፣ በሸሚዟ ጫፍ ጠረገች፣ ቀጭ እስኪል ድረስ መልሳ ተጫነችው። የኦሉምን ራም ውጭ ተወችው። ገመዱን ሰክታ ቁልፉን ልትጫን ጣቷን ስትዘረጋ ጣሪያው ላይ ያለው ማራገቢያ ቀስ፣ ቀስ እያለ ቆመ።

መብራት ሄደ።

«አሁን?» ብላ ጮኸች፤ ማን ላይ እንደሆነ ባታውቅም። «ከስንት ቀን ውስጥ አሁን?»

የመለሰላት ውጭ የቆመ ባጃጅ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል እንኳ በቅጡ አልሞላም። ኦሉም እያፏጨ ገባ፤ የተከፈተውን ሣጥን ሲያይ ፉጨቱ አፉ ላይ ቀረ።

«አንቺ፣ ምንድን ነው የምትሠሪው?»

«ቀዶ ጥገና፣ ዶክተር።» ራሙን ዓይኑ ሥር አቀረበችለት። «ይኼ የማን ነው?»

ኦሉም ለመዋሸት አንድ ትንፋሽ ብቻ በቃው። «እሱማ ከፋብሪካው ነው። ቻይናዎች ጥሩ ዕቃ ሲሠሩ ቀይ ነጥብ ያደርጉበታል።»

«ነጠላ ጫማህም ላይ ቻይናዎች ናቸው ያደረጉልህ?»

ኦሉም እግሩን አየ። አንዱን ጫማ በሌላው ለመደበቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም።

«እሺ፣ ስሚኝማ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የኔው ተበላሸ። ነገ የኳስ ጌም ውድድር አለን፣ ልጆቹን ሁሉ ጠርቻለሁ። የእናንተን ለጥቂት ቀን ብቻ ልዋስ ብዬ ነው። ቦታው ባዶ እንዳይመስል የኔን አስገባሁት። በእናቴ፣ ሰኞ ልመልሰው ነበር።»

«አባባ ሰኞ ነው የሚያስረክበው!»

«እሱን አላወቅኩም!»

«ቅድምስ አልሰማህም? ቆመህ ስትሰማ አልነበረም? ታዲያ ፎርማት የምትለው ለምንድን ነው?»

ስለ አዞ፣ ስለ ቻይና፣ ስለ ወባ ወሬ የማያልቅበት ኦሉም አሁን ጎንበስ ብሎ ብሎኖቹን ከመሬት መልቀም ጀመረ።

«ሌላ ሰው እንዳይከፍተው ነው፣ አይደል? ከሚያዩብህ የአባባ ጽሑፍ ቢጠፋ ይሻልሃል!»

«ቀስ በይ፣ ባለ ባጃጁ ይሰማል።»

«ይስማ! ቅድም እኔን ሰው ሁሉ ሲሰማኝ አልነበረም? ‹ተናዘዢ› ስባል አንተ አሜን ስትል አልነበረም?»

ዓይኗ እንባ ሞላ። በእሱ ፊት ማልቀሷ ደግሞ የባሰ አናደዳት፤ እንባዋን በአቧራማ እጇ ስትጠርገው ጉንጯ ላይ ቀይ መስመር ቀረ። ኦሉም አይቶ ሊስቅ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ግን አልደፈረም።

«ስሚ፣ አጅ» አለ፣ የልጅነት ስሟን ጠርቶ። «መብራት ሲመጣ ይሠራልሽ ይሆናል። ከሠራ ጸሎቱ ፈታው እንበል። ወንጌላዊም ደስ ይላቸዋል፣ አጎቴም ደስ ይለዋል፣ አንቺንም ይቅር ይሉሻል። እኔም ራማችሁን ነገ ማታ አምጥቼ አስገባለሁ። ማን ተጎዳ?»

አጅዋንግ መልስ ሳትሰጠው የጣሪያው ማራገቢያ መዞር ጀመረ።

ቁልፉን ተጫነች። ጢጥ። አንድ ጊዜ። ሁለቱም ወደ ሣጥኑ ዘንበል አሉ። ሁለተኛ ጩኸት አልመጣም። ስክሪኑ ነጣ፣ ሰማያዊ ሆነ፣ ከዚያ እንደ ሽማግሌ እየተንፏቀቀ የአቶ ኦቹዶን የዓሣ ሥዕል ይዞ መጣ።

አቶ ኦቹዶ በር ላይ ደርሰው ነበር። መጀመሪያ ያዩት የተከፈተውን ሣጥን ነው፤ አፋቸው ለአኝዋክኛ ተዘጋጀ። ከዚያ ስክሪኑን አዩ። ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ ሮጠው ተቀመጡ። ያቺ አንዲት ጣታቸው ፋይሉን ከፈተችው። ገጽ አንድ። ወደ ታች፣ ወደ ታች፣ ወደ ታች። ገጽ ስድሳ ስምንት።

«ስድሳ ስምንት» አሉ። ደጋግመው አሉት። «ስድሳ ስምንት! ማን ነው ያስነሳው?»

«ጸሎቱ ነዋ፣ አጎቴ!» አለ ኦሉም ፈጥኖ። «ትንሽ ቀዝቀዝ ይላል እንጂ ድኗል።»

አቶ ኦቹዶ ወደ ልጃቸው ዞሩ። ፊታቸው ለስልሶ፣ ደስታቸው ከዓይናቸው ሊፈስ ደርሷል። «ነይ አጅዋንግ። ስለ ፍላሹ ይቅር ብዬሻለሁ። አለቀ።»

አጅዋንግ ባለችበት ቆመች። ንዴቷ ጮኾ የሚወጣ አልነበረም አሁን፤ እንደ ድንጋይ ረግቷል።

«ይቅርታውን ያዘው አባባ» አለች በቀስታ።

ኦሉም ክዳኑን ከመሬት አነሳ። «እኔ ልግጠመው? አቧራ እንዳይገባበት።»

«ተወው።»

«ለምን?» አሉ አቶ ኦቹዶ። «ድኗል አይደል?»

«አንድ ዕቃ ይጎድለዋል።»

«ምን ይጎድለዋል?»

ኦሉም አያት። ሁሉም ነገር ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ ሐሙስ ማታው፣ ጌሙ፣ ፎርማቱ። አንድ ጊዜ ብትጀምር ባሮ በክረምት እንደሚሞላው ሞልቶ ይፈስ ነበር። ሊናዘዝ የሚገባው ግን እሱ ነው። ሁለት ቀይ ነጥብ ያለበትን ራም ጠረጴዛው ላይ፣ በአባቷ እጅ አጠገብ አስቀመጠችው። በርጩማውን በእግሯ ገፋ አድርጋ ወደ ኦሉም አስጠጋችለት።

«ተቀመጥ» አለችው። «አባባ እየጠበቀህ ነው።»

አቶ ኦቹዶ መጀመሪያ ራሙ ላይ ያሉትን ሁለት ቀይ ነጥቦች፣ ቀጥሎ ኦሉምን አዩ። ኦሉም ክዳኑን እንዳቀፈ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ውጭ ባለ ባጃጁ ጥሩምባውን ነፋ፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ነፋ። ማንም አልወጣለትም።