በጠራ ውሃ መራራቅ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መጋቢት 1976 ነበር፤ እኔም የሃያ ሰባት ዓመት ወጣት ነበርኩ። በጃፓን፣ በኢዙ ልሳነ ምድር ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ታጎ በምትባለው የዓሣ አጥማጆች መንደር፣ ለመጥለቅ ከከተማ የሚመጡ እንግዶችን ወደ ባሕሩ ወለል እየመራሁ እኖር ነበር። ታላቅ ወንድሜ ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ ባሕር ስላስቀረው፣ በቤታችን የቀረነው እናቴና እኔ ብቻ ነበርን።

ኪኩኤ በዚያ ወር ከአውቶቡስ ወረደች። የመጣችው ከደቡብ፣ ከኦኪናዋ ደሴቶች አንዷ ከሆነችው ከዛማሚ ነበር። አባቷ ጠላቂዎችን የሚያመላልስ ጀልባ ነበረው። ልጁ የቀዝቃዛውን ባሕር ሥራ እንድትማር ፈልጎ፣ ወደ አለቃችን ወደ ጌንዞ ላካት።

«ቶኩጂ፣» አለኝ ጌንዞ፣ «ይህችን ልጅ አንተ ትይዛታለህ። ሙቅ ውሃ ያሳደጋት ናት፤ በረዶ አድርገህ እንዳትመልስልኝ።»

«በረዶ ከሆንኩማ ለዓሣው ሳጥን እጠቅማለሁ፣ አለቃ፤» ስትል መለሰችለት። ጌንዞ ሲስቅ ያየሁት ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ አላስታውስም።

ፀደይ ሲገባ ባሕራችን ይደፈርሳል። ውሃው አረንጓዴ ይሆናል፤ የዘረጉትን ክንድ ጫፍ ማየት ያስቸግራል። ስለዚህ ጥንድ ጠላቂዎች የእጅ አንጓቸውን እርስ በርስ ባጭር ገመድ አስረው ይወርዳሉ። የመጀመሪያ ቀን ከኪኩኤ ጋር ስወርድ፣ ከእርሷ የማየው ጥቁር ጓንት ያጠለቀ እጇን ብቻ ነበር። ሌላው አካሏ በአረንጓዴው ውስጥ ነበር። ረጃጅሙ የባሕር ሣር ሲወዛወዝ ገመዱ ይሳባል፤ ሲሳብም መኖሯን አውቃለሁ።

ወጥተን መነጽሯን እንዳወለቀች ጥርሶቿ እየተንገጫገጩ ጠየቀችኝ፦

«እርስዎ፣ ይሄ ባሕር ነው ወይስ ድፍርሱ የሚሶ ሾርባ?»

«የሚሶ ሾርባ ይሞቃል።»

«እውነትዎን ነው!»

«እናንተ ጋ እንዴት ነው?»

«እኛ ጋ ውሃ መኖሩ ይረሳል። አባቴ እስከዚያ ምሰሶ ድረስ ርቆኝ ይዋኛል። ዘወር ስል አየዋለሁ፣ እሱም ያየኛል። አብረን ወረድን የምንለው ይሄን ነው።»

«እዚህ እስከዚያ ምሰሶ የራቀ ሰው ጠፍቷል ማለት ነው። ፈላጊ እንልክበታለን።»

በባሕሩ ዳር ከበርሜል ተቆርጦ የተሠራ ማንደጃ ነበር። በእሳቱ አጠገብ ጓንቷን ስታወልቅ ጣቶቿ ሰማያዊ ሆነው አየሁ። ሳላስበው ያዝኳቸው። እርሷም እጇን አልነጠቀችም። ሁለታችንም እሳቱን ብቻ ተመለከትን።

«እጅህ ይሻክራል፤» አለችኝ በመጨረሻ። ከዚያን ቀን ጀምሮ «እርስዎ» ማለቷን ተወች።

በጋው መጣ፤ መጸውም ተከተለ። ሞቃቱ የባሕር ጅረት ከደቡብ የሚያመጣቸው ትናንሽ ቀለማም ዓሦች በድንጋዮቻችን መካከል ታዩ። ኪኩኤ እነርሱን ባየች ቁጥር በጣቷ ታመለክተኛለች። አንድ ቀን በጀልባው ጠርዝ ተቀምጣ ስለ እነርሱ ጠየቀችኝ።

«እነዚህ የአገሬ ልጆች ክረምት ሲገባ የት ይሄዳሉ?»

ብርዱ እንደሚገድላቸው ታውቅ እንደሆነ እንጃ። እኔ ግን መንገር አልቻልኩም።

«አንዳንዶቹ ይለምዱታል፤» አልኳት።

ፊቴን አይታ ፈገግ አለች። «መዋሸት አትችልበትም። ግን የእናንተ ባሕር ወራት አለው። የእኛ ዓመቱን ሙሉ አንድ ቀን ነው። እዚህ ስመጣ ነው ውሃ እንደሚያረጅ ያየሁት።»

ክረምት ሲገባ የታጎ ባሕር ይቀዘቅዛል፤ እንደ መስታወትም ይጠራል። ገመዱ አያስፈልግም ነበር። እኛ ግን እናስረዋለን።

«ወለሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየታየ ገመዱ ለምንድን ነው?» አለ ጌንዞ።

«ልማድ ነው፤» አልኩት።

«ልማድ! እኔም ሚስቴን ያገባሁት በልማድ ነው።»

ኪኩኤ ፊቷን ወደ ባሕሩ አዞረች፤ ጆሮዎቿ ግን ቀልተው ነበር።

በየካቲት ቴሌግራም መጣ። አባቷ ወድቆ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ብሎት ነበር። በማግስቱ ልትሰናበት ወደ ቤታችን መጣች። እናቴ የተጠበሰ የሩዝ ኬክ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠቻት። ኪኩኤ በደጃፉ ጫማዋን አድርጋ ቆመች፤ ጎንበስ አለች፤ ጥቂት ጠበቀች። ከዚያም «አስቸገርኳችሁ፤» አለች። እናቴም ጎንበስ ብላ «ምንም አይደል፤» አለቻት።

አውቶቡሱ ከሄደ በኋላ እናቴ ምድጃው አጠገብ ተቀመጠች።

«ሰማሃት አይደል ልጄ? ‹አስቸገርኳችሁ› ነው ያለችው። እሱ የእንግዳ ቃል ነው። የምትመለስ ሰው ‹ሄጄ እመጣለሁ› ትል ነበር።»

እኔም ሰምቼ ነበር። በእኛ ዘንድ ቤቴ ነው የሚል ሰው ከደጃፉ ሲወጣ የሚለውን ቃል ሕፃን ልጅ እንኳ አይስተውም። ስለዚህ አልተከተልኳትም። ሁለት ክረምት አለፈ። ለአዲስ ዓመት የምንላላከው ካርድ ስለ ጤናና ስለ አየር ሁኔታ ብቻ ይናገር ነበር።

ሆኖም መርሳት አልሆነልኝም። በሦስተኛው ዓመት በሰኔ ወር ወደ ዛማሚ ሄድኩ።

ኪኩኤ የአባቷን ጀልባ ራሷ ትነዳ ነበር። ፀሐይ አጥቁሯታል፤ ትከሻዋም ሰፍቷል። ስታየኝ የያዘችው ገመድ ከእጇ ወደቀ።

«በዚያ በያዝከው የጎማ ልብስ ልትጠልቅ ነው?» አለችኝ። ከዚያ ሁሉ ጊዜ በኋላ የተናገረችኝ የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር። «ትቀቀላለህ!»

በስስ ሸሚዝና በባዶ እጅ ወረድን። ውሃው የሰውነቴ ሙቀት ያህል ስለነበር ቆዳዬ የት ላይ እንደሚያበቃ ጠፋኝ። ነጩ አሸዋ ከታች ያበራል፤ ኮራሉ እንደ አትክልት ስፍራ ተዘርግቷል፤ ዓሦቹም እንደ ደመና ይተላለፋሉ። ኪኩኤ እንደ አገሯ ሰው ርቃኝ ዋኘች። ሁለንተናዋን አየሁት፦ ፀጉሯን፣ እግሮቿን፣ የምትተነፍሰውን የአየር አረፋ ሳይቀር። ዞር ብላ በሩቁ ተመለከተችኝ፤ በእርሷ ዘንድ ይህ አብሮ መሆን ነበር። እኔ ግን በዕድሜዬ ሙሉ እንደዚያ ብቸኝነት ተሰምቶኝ አያውቅም። በታጎ ድፍርስ ውሃ ከእርሷ አንድ ጓንት ብቻ እያየሁ እንዲህ አልሆንኩም። ወደ እርሷ ቀዘፍኩ። ስደርስ እጄን ያዘችኝ፤ ባዶ እጇን በባሕር ውስጥ ስይዝ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ጀልባው ላይ ወጥተን ፀጉሯን እየጨመቀች ሳለ ጠየቅኋት።

«ያን ቀን ለምን ‹ሄጄ እመጣለሁ› አላልሽም?»

እጇ ቆመ።

«በሰው ቤት ደጃፍ? ሳልታጭ? ሳልጠየቅ? ምን ዓይነት ዓይን አውጣ ናት አትሉኝም?» ድምፅዋ ቀነሰ። «እናትህ ‹ሄደሽ ነይ› እስኪሉኝ ጠበቅኩ። እሳቸው ካሉኝ የቤቱ ሰው ሆንኩ ማለት ነው ብዬ። አንተም ዝም አልክ፣ እሳቸውም ዝም አሉ። ምን ልበል ታዲያ? የእንግዳውን አልኩ።»

«እናቴ አንቺን ትጠብቅ ነበር።»

«እኔ ደግሞ እሳቸውን።»

ማዕበሉ የጀልባውን ሆድ ሲመታ ይሰማ ነበር። 

«አሁን ልጠይቅህ፤» አለች። «እዚህ ቅር። ጀልባው ሁለት ሰው ይችላል። አባቴ ማንኪያ አያነሳም፤ ትቼው መሄድ አልችልም።»

እናቴን አሰብኩ። ወንድሜን ባሕር ከወሰደው ወዲህ፣ ከሥራ እስክመለስ የቤቱን በር ዘግታው አታውቅም። ብርድም ቢሆን፣ ዝናብም ቢሆን ክፍት ትተወዋለች። እኔም ካልተመለስኩ ያንን በር የሚዘጋላት ሰው የለም። ወደ ደቡብ ትምጣ ብዬም አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ከወንድሜ መቃብር፣ አስከሬን ከሌለው መቃብር፣ አንድ ቀን እንኳ እንደማትርቅ አውቅ ነበር።

«ኪኩኤ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ይበቃል፤» አለችኝ። «መዋሸት አትችልበትም፤ አትጨርሰው።»

በማግስቱ ጠዋት የምመለስበት መርከብ ተነሣ። ኪኩኤ በወደቡ ግንብ ላይ ቆማ ነበር። ገመዱ ተፈትቶ መርከቡ ሲንቀሳቀስ፣ መነጽሯንና የእግር መቅዘፊያዋን አጥልቃ ወደ ውሃው ዘለለች። እንደ አበደ ሰው ወደ መርከቡ ጠርዝ ሮጥኩ። ውሃው እስከ አሸዋው ድረስ የጠራ ስለነበር ከበታቼ አየኋት። ከመርከቡ ጎን ለጎን በባሕሩ ውስጥ ትዋኝ ነበር፤ ጥላዋም በነጩ አሸዋ ላይ ይከተላት ነበር። ፊቷን ወደ ላይ፣ ወደ እኔ አድርጋ ነበር። በእኛ ባሕር ይህ አይሆንም። በእኛ ባሕር የሄደ ሰው ወዲያው ይሰወራል፤ ያም ምሕረት እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ትንፋሿ እስኪያልቅ ተከተለችኝ። ከዚያ መርከቡ ቀደማት። ከኋላችን ብቅ ስትል መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋች፤ አፏን ከፍታም አንድ ቃል ጮኸች። ለቤት ሰው የሚባለው ‹ሄደህ ና› ይሁን ወይስ የእንግዳ መሸኛ፣ ሞተሩ ዋጠው።

እናቴ ብዙ ዘመን ኖረች። እርሷ በሞተች ጊዜ ኪኩኤ ባልና ልጆች እንዳሏት ሰምቼ ነበር፤ ስለዚህ አልሄድኩም። እኔ አላገባሁም። ጉልበቴ እስኪከለክለኝ ድረስ በአረንጓዴው ውሃ ውስጥ ስወርድ ኖርኩ።

ዕድሜዬ ገፍቷል፤ ማስታወሴም ደክሟል። የቴሌግራሙ ወር የካቲት መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። ኪኩኤ በመርከቡ ግራ ጎን ነበረች ብዬ አስባለሁ፤ በቀኝም ልትሆን ትችላለች። በዚያ ጠዋት በዛማሚ ወደብ ግንብ ላይ የቆመ፣ ጆሮውም የሞተሩ ድምፅ ያልደረሰበት ሰው በሕይወት ካለ፣ የተሳሳትኩትን ሁሉ እንዲያርመኝ በትሕትና እለምናለሁ፤ ከሁሉ አስቀድሞም የጮኸችው ቃል ምን እንደነበር ይንገረኝ።