በአጥሩ ውስጥ የተቀመጠችው ሴት

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ እናቴ የዛር ወሬ ሲነሳ እኛን ይዛ ከቤት ትወጣ ነበር፣ እኔም ያንኑ ይዤ ነው ያደግሁት፣ ስለዚህ ይህቺ ሴትዮ ድሮም ትቃዥ ነበር እንዳትሉኝ።

ያን ጊዜ እዚህ ኖርዌይ፣ ከምኖርበት ሰፈር ከአመሩድ በመጀመሪያው ባቡር እየወረድኩ ሴንትሩም፣ መሀል ከተማው ውስጥ አንድ የጠበቆች ቢሮ አጸዳ ነበር፣ እትዬ ለተብርሃን ከሚባሉ አንዲት ኤርትራዊት ጋር። ልጄ ቤዛ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር፣ ካርቱም እህቴ ጋ ትቻት ነው የመጣሁት፣ እኔ ዘንድ እንድትመጣ ያስገባሁት ማመልከቻ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነበር፣ መልስ አልነበረም።

ኮሪደሩ ላይ በመዳብ ተቀርጾ የታተመ አሮጌ ጥቁርና ነጭ ሥዕል ተሰቅሏል፣ በጭራሮ አጥር ውስጥ አንዲት ሴት ተቀምጣለች፣ በሩ ተዘግቷል፣ በሩ ሥር አንበሳ ዓይኑን ጨፍኖ ተኝቷል፣ ከውጭ ጦር የያዙ ወታደሮች ቆመዋል። እኔ ቤተ ክርስቲያን እመቤታችን በታጠረች ገነት ስትመሰል እየሰማሁ ያደግሁ ነኝ፣ ሌላ ማን ትሆናለች ብዬ? የሥዕሉን መስተዋት በወለወልኩ ቁጥር አማትቤ፣ ልጄን አስገቢልኝ እላታለሁ። እትዬ ለተብርሃን ይስቁብኛል፣ «እመቤታችን ባርኔጣ በእንጨት ሰቅላ የት አይተሻል፣ አንቺ ሴት?» ይላሉ፣ እውነትም ሴትዮዋ ባርኔጣ የተሰቀለበት ረጅም እንጨት ይዛለች፣ ፈረንጅ እንደፈለገው ይስላል ብዬ አልፋቸዋለሁ።

አንድ ቀን፣ ሰኔ ላይ ነው፣ ፀሐይዋ ቀድማን ወጥታለች፣ ጨለማ አታለለሽ እንዳትሉኝ፣ ደረቅ ጭራሮ ሲንቋቋ ሰማሁ። የምጠርግበትን ቫኩም አጠፋሁት፣ ድምፁ አልቆመም። ቀጥሎ እንደ ትልቅ ውሻ የእንቅልፍ ትንፋሽ ያለ መጣ፣ ዞር ስል መስተዋቱ አንበሳው አፍ ዘንድ ጉም ይዟል፣ ወለወልኩት፣ ተመልሶ ያዘ። እመኑኝ፣ የአንበሳው ዓይን ተገልጧል። ከወታደሮቹ መሀል፣ ባዶ መሆኑን በማውቀው ቦታ፣ አንዲት ልጅ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች፣ ሁለት እጇን በሩ ላይ አድርጋ፣ ፀጉሯ ለሁለት ተጎንጉኖ።

እትዬ ለተብርሃንን በእጄ ጠራኋቸው። መጥተው አዩ፣ አልሳቁም።

«ይቺ ልጅ ትናንት ነበረች?» አሉኝ ቀስ ብለው።

ሁልጊዜ ቀድሞ የሚገባው ሽማግሌ ጠበቃ በዚያው ደረሰ፣ ሥዕሉ የእሱ ነው፣ በተሰባበረ ኖርዌይኛዬ ይቺ ማርያም አይደለችም ወይ አልኩት።

«ኔይ፣ አይደለችም» አለ፣ «ይቺ አገር ናት፣ ሆላንድ። ድሮ አገርን በሴት መስለው ይቀርጹ ነበር። ባርኔጣው ነፃነቷ ነው፣ አጥሩ ድንበሯ ነው፣ አንበሳው ማንም እንዳይገባ ይጠብቃል።»

ልጅቷን አሳየሁት። መነጽሩን አውልቆ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው፣ ሥዕሉ ከአባቴ የወረስኩት ነው፣ ልጅ ኖሮበት አያውቅም አለና ቢሮው ገብቶ በሩን ዘጋ። ለካ እኔ ስንት ጊዜ ልጄን አስገቢልኝ ብዬ የለመንኩት አጥሯን የዘጋች አገር ኖሯል።

ከሥራ ሳልወጣ እህቴ ደወለች። ቤዛ መጠበቅ ሰልችቷት፣ ሳትነግራት፣ የዚያኑ ዕለት ጎህ ሳይቀድ ከሰዎች ጋር የሊቢያን መንገድ ጀምራለች። የመግቢያ ፈቃዷ እሷ በሄደች በአሥራ አንደኛው ቀን በፖስታ መጣ። ከሄደች ወዲህ ድምፅዋን የሰማ የለም፣ ይኸው ሁለት ዓመት።

በማግሥቱ ሥዕሉ እንደ ድሮው ነበር፣ ልጅ የለም፣ አንበሳው ተኝቷል። ለአገር ሥዕል ማማተቤን ለቄሱ ብነግራቸው፣ ሰው ሳያውቅ የሠራው ይቅር ይባላል አሉኝ፣ እሺ፣ እሱስ ይቅር ይባል። ለማንም ያልነገርኩት ሌላ ነው። ያቺን ልጅ ገና ሳያት ቤዛ መሆኗን በአንገቷ አውቄያታለሁ፣ ስሟን ልጠራት አፌን ከፍቼም ነበር፣ ብጠራት ትዞር እንደነበር እንጃ፣ ሥራ ቦታ ነው፣ ሰው ይሰማኛል ብዬ ዝም አልኩ።