ከሳጥኑ ሥር የጠፋው ጎማ

ስፒከር ሠሪው ከመደርደሪያው ሥር በግንባሩ ተደፍቶ፣ የገዛ ሥራው የሆነ ትልቅ ስፒከር ጀርባው ላይ ተጭኖት ተገኘ። መርማሪዋ ስትደርስ ረፋድ ነበር። በአፏ ቁጥብ፣ ከዓይኗ ግን ምንም የማያመልጥ ሴት ናት።

«ንዝረት ነው» አለ የሟች ታናሽ ወንድም፣ የስፒከሮቹን የእንጨት ሳጥን የሚሠራለት አናጢ። «ድምፁን ሲለቀው እየተንፏቀቀ ወረደበት።»

«ሐኪሙ ግን ጭንቅላቱን የመታው መዶሻ ነው ብሏል» አለች መርማሪዋ።

ፖሊሱ ከሥራ ቤቱ በላይ የሚኖረውን ጡረተኛ በካቴና ይዞታል። ትናንት ጩኸቱ አስመርሮት በመስኮት «ይሄ ሳጥን መሞቻህ ይሁን» ብሎ ሲራገም ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።

«ልጄ፣ እኔ እርግማን እንጂ መዶሻ የለኝም» አለ ሽማግሌው።

መርማሪዋ ሳጥኑን በጣቷ አንኳኳችው። ድፍን ያለ ድምፅ ሰጠ እንጂ አላስተጋባም፤ በድርብ ሳንቃው መሀል አሸዋ ተሞልቷል። ሳጥን አብሮ ከጮኸ ዘፈኑን ያበላሸዋልና። ገልብጣ ሥሩን አየች፤ አራት ክብ የማስቲሽ ምልክት፣ አንዱም ላይ የጠቆረ እድፍ።

«እህቴ፣ እዚህ ምን ነበር?»

«ጎማ ነዋ» አለች የሟች ሚስት። «ለምን እንደሚለጥፈው እንጃለት። አንዱን ለሚወላገድ ወንበሬ ባደርገው ሳምንት ሙሉ አኮረፈኝ።»

«አባባስ ያውቁታል?»

«እኔ የማውቀው እንቅልፍ እንደነሳኝ ነው።»

መርማሪዋ ሁሉንም ሳጥኑ ዙሪያ አቆመቻቸው።

«ይሄ ሳጥን አይንፏቀቅም። ንዝረቱን አሸዋው ይውጠዋል፣ የቀረውን ጎማው ይይዘዋል። በንዝረት ወደቀ ለማለት ጎማው መነሳት ነበረበት። ማስቲሹ ላይ ደግሞ በደም የታተመ ጣት አለ። ጎማው እንደተለጠፈ ቢሆን ደሙ እዚያ አይደርስም፤ የተላጠው ሰውየው ከተመታ በኋላ ነው። የጎማውን ሥራ የማያውቅ ገዳይ እንዳለ ይተወው ነበር። ያነሳው አዋቂው ነው።»

ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ፤ እሷና አናጢው ተፋጠጡ።

«አሻራህን እናንሳ?»

«ሃያ ዓመት» አለ አናጢው፣ እጁን እያየ። «ሳጥኑን ዝም ያሰኘሁት እኔ፣ የሚመሰገነው እሱ። ዛሬ ጠዋት ሳጥኑ ላይ ስሜን ከስምህ ጎን ጻፍልኝ ብለው ሳቀብኝ።»

ካቴናው ከሽማግሌው እጅ ወጥቶ የአናጢው እጅ ገባ። ሚስትየዋ በሩ ላይ ቆመችበት። አላለቀሰችም።

«እናታችሁ ገና አልሰማችም» አለችው። «በቤቷ በኩል ስታልፍ አንተው ንገራት። እኔ የሁለት ልጅ መርዶ በአንድ ቀን የማረዳበት አፍ የለኝም።»