ለብቻው የተገጠመ መንደር

ጡረተኛው የጂኦግራፊ መምህር አብዱልጀሊል፣ መርሳ ከተማ በሚገኘው ቤታቸው፣ ጠረጴዛቸው ሥር ተደፍተው ሞተው ተገኙ። የጠረጴዛው ጠርዝ ማጅራታቸውን ፈንክቶታል። ሳጅን ወንድሙ ቀብሩ እንኳ ሳያልቅ ተከራያቸውን መካኒኩን ብሩክን አሰረ፤ ተከራይ መሆን ብቻውን ወንጀል ይመስል።

ከወልድያ የተላከችው ኢንስፔክተር ቤተልሔም ሳጅኑን በቁጣ አነጋገረችው። «መጀመሪያ ታስራለህ፣ ከዚያ ታስባለህ አይደል?»

ጠረጴዛው ላይ ሟቹ ለዓመታት እያፈረሱ የሚገጥሙት አሮጌ የእንጨት ፐዝል ተዘርግቷል፤ ቁርጥራጩ ሲገጣጠም ሐይቅ፣ ተራራና መንደር የሚወጣው የባሕር ማዶ ሥዕል። ከግራ ጠርዝ እስከ መሃል ሰማዩም ውሃውም ያለ ክፍተት ተያይዟል። በስተቀኝ ደግሞ ቀያይ ጣሪያ ያለው መንደር ከምንም ሳይነካካ ለብቻው ተገጥሟል።

በመጀመሪያ የሟቹን ታናሽ ወንድም፣ የሐራ ከተማውን ነጋዴ ዓሪፍን ጠየቀች።

«ለምን መጥተው ነበር?»

«ግራና ከተማ ያለው የእናታችን ቤት እንዲሸጥ ፊርማውን ፈልጌ። አልፈርምም አለኝ። ተሰነባብተን ወጣሁ።»

«እርስዎ ሲወጡ ወንድምዎ ምን ያደርጉ ነበር?»

«ቀያዮቹን ጣሪያዎች ከቁርጥራጩ ክምር መልቀም ጀምሮ ነበር። ይኸው መንደሩን ጨርሶታል! እኔ ከወጣሁ በኋላ በሕይወት ነበረ ማለት ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ግቢው ውስጥ የቀረው መካኒኩ ብቻ ነው።»

የሟቹ ልጅ ናጅዋም ጠዋት ወደ ገበያ ስትወጣ መንደሩ እንዳልነበረ አረጋገጠች። ቤተልሔም ቀና ብላ የክፍሉን ጣሪያ አየች። አምፖል የለም፤ ማቀፊያው ላይ ሸረሪት አድርቶበታል። ብቸኛው መስኮት ደግሞ በእህል ጆንያ ተዘግቷል፤ ብርሃን የሚገባው በሩ ሲከፈት ብቻ ነው።

«አባትሽ እዚህ ጨለማ ውስጥ ነበር የሚሠሩት?»

ናጅዋ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። ቤተልሔም አልተጫነቻትም። «ሁሉንም ጥሩልኝ» አለች።

ብሩክ በካቴና ታስሮ መጣ። ዓሪፍ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ዓይን ያለው ሰው በቀለም ይመርጣል» አለች ቤተልሔም። «ሰማዩን፣ ቀለሙ ሁሉ አንድ ስለሆነ፣ ለመጨረሻ ያቆየዋል። እኚህ ሰው ግን ከዳር ተነስተው፣ ያገኙትን ቁራጭ ከተገጠመው ጋር በጣታቸው እየለኩ ነው የመጡት። ናጅዋ፣ ለምን እንደሆነ ንገሪያቸው።»

«አባዬ ዓይኑ ጠፍቶ ነበር» አለች ናጅዋ እያለቀሰች። «አምና ነው። ሰው እንዳያዝንልኝ ብሎ ለማንም እንዳልናገር በአላህ አስማለኝ፤ ከቤትም መውጣት ተወ። መንደሩን እንዳየሁ የእሱ እጅ እንዳልሆነ ገብቶኝ ነበር።»

ቤተልሔም ወደ ዓሪፍ ዞረች። «መንደሩን የገጠመው ቀዩን ከሌላው የለየ ሰው ነው። ብሩክ ራሱን ለማሳሰር ይገጥመዋል? የጠቀመው እርስዎን ብቻ ነው። ዓይነ ስውር ቀይ ሲለቅም አየሁ ያሉኝም እርስዎ ነዎት። ሐኪሙ ደግሞ ወዲያው አልሞቱም ብሏል። እርስዎ ጣሪያ ሲገጥሙ ወንድምዎ እግርዎ ሥር ይተነፍሱ ነበር። ሐኪም ቤት የሚያደርስ ባጃጅ ደግሞ ደጅ ላይ ሞልቷል!»

ዓሪፍ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። «ወረቀቱን ዘረጋሁለት። ዞር ብሎ እንኳ አላየውም! እንጨቱን ይዳብሳል። ናቀኝ አልኩና ገፋሁት። ዓይኑ መጥፋቱን ማን ነገረኝ?»

«ወንድሙ አይደለህ፣ አጎቴ?» አለች ናጅዋ። «ዓመት ሙሉ አንድ ቀን መጥተህ ብትጠይቀው ኖሮ፣ ማን እስኪነግርህ ትጠብቅ ነበር?»

ሳጅን ወንድሙ አንገቱን ደፍቶ የብሩክን ካቴና ፈታ።

«አፉ በለኝ ብሩክ» አለች ናጅዋ። «መሐላዬን ስጠብቅ አንተን አሳሰርኩህ።»

ብሩክ የእጁን አንጓ እያሻሸ ሳጅኑን አየው።

«አንቺስ መሐላ ነበረብሽ» አላት። «እሱ ምን ነበረበት?»